ሕፃን ይዘን ጀልባ ስንሳፈር

ትምህርት ቤት ሲዘጋና በዓል ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ውኃ ዳር ይወጣል። አንዱ ሐዋሳ ይወርዳል፣ ሌላው አርባ ምንጭ ይዘልቃል፣ ብዙው ደግሞ ባሕር ዳር ይሄዳል። ባሕር ዳር ደርሶ ጀልባ ሳይሳፈሩ መመለስም እንደ ጉድለት ይቆጠራል። የዛሬው ጽሑፌ ጨቅላና ትንንሽ ልጆችን ይዘን ጀልባ ላይ ስንወጣ ማድረግ ስለሚገቡን ጥንቃቄዎች ነው። የምጀምረው ከራሴ ስህተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሄድን። ሴቷ 3 ዓመቷ፣ ወንዱ ደግሞ የ7 ወር ሕፃን ነበር። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት የተኛ ነበርና ጉዞው ደስ የሚል ሆነ። ገዳማቱን ተሳልመን፣ ቡና ጠጥተን፣ ስንመለስ ግን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሆኖ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። መሐል ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ጀልባዋ ፊቷን አዙራ በጎኗ ሞገዱን መቀበል ጀመረች።

በዚያ ሰዓት ልጄን አየኋት። የለበሰችው የአዋቂ የሕይወት አድን ጃኬት ነበር። ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው ጃኬቱ እስከ ዓይኗ መጣ፤ ልጅቷ ግን ከመቀመጫዋ ንቅንቅ አላለችም። ውኃ ውስጥ ብትገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ እሷ ትሰምጣለች ማለት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ትንሹን በአንቀልባ አዝላ ከላይ ነጠላ ደርባ ነበር። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት አይተዋት፣ «የኔ ልጅ፣ ልጁን ከጀርባሽ አውርጂው፤ ውኃ ቋጠሮ መፍቻ ጊዜ አይሰጥም» አሏት። ወደ እኔም ዞረው፣ «አንተስ ምን ታያለህ? እርዳት እንጂ!» አሉኝ። ሞተሩ ጥቂት ቆይቶ ተነሣ፤ ሁላችንም በሰላም ገባን። እኔ ሐኪሙ፣ በየቀኑ እናቶችን ስመክር የምውለው ሰው፣ በዚያን ዕለት የራሴን ልጆች ያስጠነቀቁልኝ ምናልባት ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ናቸው።

መስጠም ድምፅ የለውም

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ሰጥመው ሕይወታቸው አልፏል። ከእነዚህም ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከአሥሩ ሞት ዘጠኙ የሚደርሰው ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሐምሌ 18 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25) የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ በየዓመቱ እንዲታሰብ የወሰነውም የጉዳቱን መጠን አይቶ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰጥም ልጅ እጁን እያወናጨፈ «ድረሱልኝ!» የሚል ይመስለዋል። እውነታው የተለየ ነው። ትንሽ ልጅ ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ አያገኝም፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሊሰጥም ይችላል። የሕፃን ጭንቅላት ከሌላው አካሉ አንጻር ከባድ ስለሆነ በፊቱ ሲደፋ ራሱን ማቃናት አይችልም። ስለዚህ «እሰማዋለሁ» ብሎ መተማመን አይገባም። ልጁን በዓይን ማየት ብቻ ሳይሆን እጃችን በሚደርስበት ቦታ ማድረግ ያስፈልጋል።

የሐይቁን ጠባይ እንወቅ

ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ሞገዱም አጫጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። በመሆኑም ከልጆች ጋር የምትጓዙ ከሆነ ጠዋት በ1 ወይም በ2 ሰዓት ተነሥታችሁ ከእኩለ ቀን በፊት ለመመለስ አቅዱ። ሰማዩ ከጠቆረ፣ ነጎድጓድ ከተሰማ ወይም ሐይቁ ነጭ አረፋ መድፈቅ ከጀመረ ጉዞውን ተዉት። የተከፈለ ገንዘብ ይተካል።

እንደ የካቲት 16ቱ የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ባሉ ቀናት ወደ ገዳማቱ የሚሻገረው ምዕመን ብዙ ነው። ጀልባው ሲሞላ «አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጠጋ በሉ» ይባላል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ «የሚቀጥለውን እንጠብቃለን» ለማለት አትፈሩ። ሕፃንም ቢሆን አንድ ሰው ተብሎ ይቆጠራል።

ጨቅላውን መውሰድ ወይስ መተው?

በቅድሚያ ማንሳት ያለብን ጥያቄ ጉዞው አስፈላጊ ነው ወይ የሚለው ነው። ለመዝናናት ከሆነ ሕፃኑ ልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ እስኪችል ድረስ ጀልባ ላይ ባይወጣ እመክራለሁ። ይህም ብዙውን ጊዜ ክብደቱ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ሲደርስና ራሱን ማቅናት ሲችል ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሕፃን ደግሞ ለሽርሽር ተብሎ ከቤት መውጣት የለበትም።

ይሁንና ለሁሉም ቤተሰብ ጀልባ መዝናኛ አይደለም። ለደቅ ደሴትና ለሌሎች የጣና ደሴቶች ነዋሪዎች ጀልባ እንደ ታክሲ ነው። ሕፃን በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ክትባት አለው፤ በ9ኛው ወር ደግሞ የኩፍኝ ክትባት ይከተላል። ለዚህ ወይም ለሕክምና ውኃ የምታቋርጥን እናት «አትሂጂ» ማለት ምክር አይሆንም። እንዲህ ላሉ እናቶች የምለው ይህን ነው፤ ጠዋት ሐይቁ ሲረጋ ተሻገሩ፤ ከደንገል ታንኳና ከትንንሽ ጀልባ ይልቅ ሰፋ ያለውን ምረጡ፤ እናትየዋ ራሷ የሕይወት አድን ጃኬት ትልበስ፤ ዕቃ የሚይዝ ሌላ አዋቂ አብሯት ይሂድ። ሁለቱም እጆቿ ለልጁ ነፃ መሆን አለባቸው።

አንቀልባው መሬት ላይ ይሁን

ልጅን ማዘል የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ጥሩ ልማድ ነው። ሕፃኑ የእናቱን ሙቀት ያገኛል፣ እናትም እጇ ነፃ ይሆናል። ጀልባ ላይ ግን አንቀልባ አደገኛ ነው። ጀልባ ቢገለበጥ ወይም እናት ብትወድቅ ከጀርባዋ የታሰረው ልጅ ፊቱ ውኃ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ እሷም ቋጠሮውን ለመፍታት ስትታገል ሁለቱም ይጎዳሉ። በተጨማሪም አዝላ ጃኬት መልበስ አትችልም።

ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ልጁን አውርዱት፤ ፊቱን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ ታቀፉት። በጋቢ ወይም በነጠላ ከራሳችሁ ጋር አትጠቅልሉት፤ ጋቢ ውኃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ልጅን ከጀልባው ወንበር ጋር ማሰርም በፍጹም አይገባም። የመኪና ወንበር ቀበቶ ልጅን ያድናል፤ ጀልባ ላይ ማሰር ግን ልጁን ከጀልባው ጋር ወደ ታች ያወርደዋል።

የጃኬቱ ልክ

የሕይወት አድን ጃኬት የሚለካው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፤ ጃኬቱ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለትንንሽ ልጆች የሚሆነው ጃኬት በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ፣ ጭንቅላትን ከውኃ በላይ ደግፎ የሚይዝ ኮሌታ እና ልጁን ይዞ ለማውጣት የሚረዳ እጀታ ሊኖረው ይገባል። መልበሱ ብቻ አይበቃም፤ መሬት ላይ ሳላችሁ ሁሉንም ማሰሪያ ቆልፉና ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። የልጁ አገጭና ጆሮ በጃኬቱ አንገት ሾልኮ ከገባ ጃኬቱ ልኩ አይደለም።

የልጅ ጃኬት በየጀልባው ላይገኝ ስለሚችል ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። ጃኬቱ ወንበር ሥር የተከመረ ከሆነ አስወጥታችሁ ማሰሪያው የሚሠራ መሆኑን እዩ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ለልጆቹ ምን ላምጣ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ከአሻንጉሊት ይልቅ በልጁ ኪሎ ልክ ጃኬት እንዲያመጣ ንገሩት። በአየር የሚነፉ የክንድ ቀለበቶችና ጎማዎች መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን አይደሉም። እናንተም ልበሱ፤ ልጅ የሚያደርገው ያየውን ነው፤ ውኃ ውስጥ ሊያድነው የሚችለውም ራሱ የሚንሳፈፍ ወላጅ ነው።

አቀማመጥና ጥበቃ

ልጆችን መሐል ላይ፣ ዝቅ ባለው ቦታ አስቀምጡ። ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ እጅን ውኃ ውስጥ መንከርና መቆም ይከልከል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኃላፊነት የወሰደ አዋቂ ይኑር። «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም አያየውም። ጠባቂው ስልክ የሚነካካ ወይም የጠጣ ሰው መሆን የለበትም።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሲታይ ተሳፋሪው ሁሉ ፎቶ ለማንሳት ወደ አንድ ጎን ይነሣል። ጀልባ ሊገለበጥ የሚችለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። እናንተ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ባላችሁበት ተቀመጡ፤ ነጂውም ከጉማሬው እንዲርቅ ጠይቁ።

ከሞተሩም ራቁ። የሞተር ጭስ ለሕፃን ሳንባ ጎጂ ነው፤ የጋለ ሞተርም ያቃጥላል። ነዳጅ አንዳንዴ በሃይላንድ ፕላስቲክ ይያዛል፤ የጠማው ልጅ ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። ይህ ከተፈጠረ ልጁ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሲያስመልስ ነዳጁ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተትም ሆነ ሌላ ነገር ሳትግቱ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ፀሐይ፣ ብርድና ምግብ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከውኃው ላይ የሚንጸባረቀው ሲደመርበት ደግሞ ይብሳል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን መቃጠላችንን አናውቅም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ልጆች ጥላ ሥር ይሁኑ፤ ጣሪያ ያለውን ጀልባ ምረጡ። ሰፊ ጠርዝ ያለው ኮፍያና ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ልብስ አልብሷቸው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን መፍትሔው ጥላና ልብስ እንጂ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይደለም።

በሌላ በኩል የረጠበ ልጅ በነፋስ ቶሎ ይበርደዋል። ሁለት ቅያሪ ልብስና ፎጣ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። የሕፃኑን ሙቀት ለማወቅ እጁንና እግሩን ሳይሆን ማጅራቱን ዳብሱ።

ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ሙቀት ቢሆንም ውኃ አይሰጠው። ይልቁንም ቶሎ ቶሎ አጥቡት፤ እናትየዋም ውኃ በደንብ ትጠጣ። ለትልልቆቹ የፈላ ወይም የታሸገ ውኃ ያዙ፤ የሐይቁን ውኃ አታጠጧቸው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ተቅማጥ ከመጣ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። ጡት ማጥባትም አይቋረጥ።

ሲያቅለሸልሻቸው

የጉዞ ማቅለሽለሽ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ብዙም አያጠቃም፤ ከ2 እስከ 12 ዓመት ባሉት ላይ ግን የተለመደ ነው። ከጉዞው በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ አትስጡ፤ ባዶ ሆዳቸውንም አይሂዱ። ጥቂት ዳቦ ይበቃል። ልጁ ፊቱ ከገረጣ፣ ካዛጋና ዝም ካለ ማቅለሽለሹ ጀምሮታል። ስልኩን ተቀበሉትና ሩቅ ያለውን ዳርቻ እንዲያይ አድርጉ። ካስመለሰም ጥቂት ቆይታችሁ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጡት። የአዋቂ ኪኒን ገምሶ መስጠት አደገኛ ነው። በተለይ ፕሮሜታዚን የተባለው መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፤ ትንፋሽን እስከ ማፈን ሊደርስ ይችላል።

ዳርቻው ላይ ያለው ጠላት

ከጀልባ ሲወርዱ ልጆች የመጀመሪያ ሥራቸው ጫማ አውልቀው ውኃ ውስጥ መንቦራጨቅ ነው። ጣናን፣ ዝዋይንና ሐዋሳን ጨምሮ ብዙ ሐይቆቻችን ዳርቻቸው ላይ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉባቸው። ጥገኛ ተውሳኩ ባልቆሰለ ቆዳም ሰርጎ ይገባል። ስለዚህ ልጆቹ ዳርቻው ላይ እንዳይነከሩ አድርጉ። ከሳምንታት በኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ወይም ትኩሳት ከታየ ሐይቅ ውስጥ መግባታቸውን ለሐኪም ንገሩ፤ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፣ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒትም ይታከማል።

አካባቢው ወባማ መሆኑንም አትርሱ። ማታ ልጆችን አጎበር ሥር አስተኙ። ከጉዞ መልስ ትኩሳት የያዘው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ያድርግ።

አደጋ ቢደርስስ?

ልጅ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ነጂው ሞተሩን ያጥፋ፤ አንድ ሰው ልጁን በጣቱ እያመለከተ ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተል። ገመድ፣ መቅዘፊያ ወይም ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት። ዋና የማይችል ሰው ዘሎ ቢገባ ሟቹ ሁለት ይሆናል።

ልጁ ሲወጣ በእግሩ ይዞ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን የተለመደ ስህተት ነው። ውድ ጊዜ ያባክናል፤ የሚወጣው የሆድ ዕቃም ወደ ሳንባ ይገባል። ይልቁንም እንዲህ አድርጉ፦

አንደኛ፣ በጀርባው ጠንካራ ነገር ላይ አስተኙትና መተንፈሱን ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ አረጋግጡ። ከተነፈሰ በጎኑ አስተኙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ አሙቁት።

ሁለተኛ፣ ካልተነፈሰ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ሕፃን ከሆነ ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጋችሁ አፍና አፍንጫውን በአንድነት በአፋችሁ ሸፍኑ፤ ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ አገጩን ቀና አድርጋችሁ አፍንጫውን ያዙና በአፉ እፍ በሉ። ደረቱ ከፍ ሲል ማየት አለባችሁ።

ሦስተኛ፣ አሁንም ካልተነፈሰ ወይም ካልተንቀሳቀሰ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ለሕፃን በሁለት አውራ ጣት፣ ለልጅ በአንድ መዳፍ፣ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል እስኪጎደጉድ ድረስ። ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30 ግፊት፤ እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ አታቋርጡ።

ተርፎ የሚያስል፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ድካምና እንቅልፍ የሚያበዛ ልጅ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ደኅና ቢመስልም ለጥቂት ሰዓታት የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ያልኩት ጀልባን እንድትፈሩ አይደለም። ልጆቻችን አገራቸውን፣ ሐይቃቸውንና ደሴቶቻቸውን ማየት ይገባቸዋል። እኛም ባለፈው ዓመት ወደ ጣና ተመልሰናል። ጠዋት 1 ሰዓት ተሳፈርን፤ ትንሹ ልኩ የሆነ ጃኬት ለብሶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ፤ አንቀልባው ሆቴል ቀረ። ትልቋ ልጄ መሳፈሪያው ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ ጃኬቴን ሳብ አድርገህ እየው» አለችኝ። ሳብኩት፤ ከጃኬቱ ጋር አብራ ተነሣች።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ። ቸር ያገናኘን!